ጫማው ነው ወይስ እግሩ? የዋጫ ወጣቶች ክርክር

ከቦንጋ ተነሥቶ የሚዛንን መንገድ የያዘ መንገደኛ በመካከሉ የጨና ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን ዋጫን ያገኛል። አገሩ የቡና፣ የእንሰትና የማር አገር ነው። ቡና በካፋ ቋንቋ ቡኖ ይባላል፤ ቡኖው በተፈላበት ቤት ሁሉ ደግሞ ጨዋታ አይጠፋም። ጨዋታው ስለ ዝናብና ስለ ገበያ ዋጋ የነበረበት ጊዜ አልፎ ዛሬ ከሁሉ የበረታው የስፖርት ክርክር ሆኗል። የትምህርት ቤቱ መምህር፣ የግብርና ጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ፣ የፍርድ ቤቱ ጸሓፊ፣ ለዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ የመጣው ተማሪ አንድ ጠረጴዛ ከበው ሲቀመጡ፥ ሲኒው ሳይነሣ ድምፁ ይነሣል። ስመ ጥሩዎቹ ሯጮቻችን አብዛኞቹ የበቀሉት ከአርሲና ከሸዋ ስለ ሆነ፥ የዋጫ ወጣት የሚከራከረው ለመንደሩ ልጅ አድልቶ ነው ለማለት አይቻልም። ስለዚህም ክርክሩ ሊደመጥ የሚገባው ነው።

ክርክሩ ዘወትር በሦስት ነገር ላይ ይሽከረከራል። አንደኛው ስለ መሣሪያና ስለ ማታለል ነው፤ ይኸውም የዛሬው ሯጭ ያሸነፈው በእግሩ ነው ወይስ በጫማው፥ ወይስ በዋጠው ክኒን? ሁለተኛው ስለ ዜግነት ነው፤ እዚህ ተወልዶ ለሌላ አገር የሮጠ ሰው ድሉ የማን ነው? ሦስተኛው ስለ ብቃት ነው፤ ትልቅ ስም ያለው ይሰለፍ ወይስ በዚህ ሰሞን የበረታው? ሦስቱም ከባድ ጥያቄዎች ናቸው። ነገር ግን ለየብቻቸው የተለያየ ችሎት አላቸው፤ ክርክሩ መጨረሻ የሚያጣውም አንደኛውን ጉዳይ ወስደን በሌላኛው ችሎት ስለምናቆመው ነው።

ይህ ጠብ የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዞች አስፋፍተውት ዛሬ ሕንድና ፓኪስታን፣ አውስትራሊያና ደቡብ አፍሪካ የሚሞቱለት ክሪኬት የሚባል ጨዋታ አለ። አንዱ ኳስ ይወረውራል፥ ሌላው በጠፍጣፋ እንጨት ይመታል። ኳሱ በአንድ ወገን ሻክሮ በሌላው ወገን ለስልሶ ከተገኘ በአየር ላይ እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ መቺውን ያሳስተዋል። መጋቢት 15 ቀን 2010 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን ከተማ አንድ አውስትራሊያዊ ተጫዋች፥ አናጢ እንጨት የሚያለሰልስበትን ብርጭቆ ወረቀት በኪሱ ደብቆ ኳሱን ሲፈገፍግ የቴሌቪዥን ካሜራ ያዘው። አምበሉ ስቲቭ ስሚዝና ምክትሉ ዴቪድ ዋርነር ከአገራቸው ውድድሮች ለ12 ወር፥ ወረቀቱን የያዘው ካሜሮን ባንክሮፍት ለ9 ወር ታገዱ። ይህን ነገር ያነሣነው የዋጫ ሰው ክሪኬት ያውቃል ብለን ሳይሆን፥ በዚያ ጉዳይ ማታለል ምን እንደሚመስል ጎልቶ ስለሚታይ ነው፤ ወረቀት በኪስ ተደብቋል፥ አሳቡም አስቀድሞ ተመክሮበታል።

አሁን ከዚህ ጋር የእኛን ሰው የደራራ ሁሪሳን ነገር እናስተያይ። በአዲስ ዓመት ማግስት፥ መስከረም 2 ቀን 2014 ዓ.ም. በቪየና ማራቶን ደራራ በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ አንደኛ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ዳኞች ጫማውን መረመሩ። የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር ከጥር 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በጎዳና ሩጫ የሚደረገው ጫማ ከሥሩ ከ4 ሳንቲ ሜትር ወፍራም እንዳይሆን ደንግጎ ነበር፤ የደራራ ጫማ ግን 5 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ድሉ ተሠረዘና በሦስት ሰከንድ ተቀድሞ የነበረው ኬንያዊው ሊዮናርድ ላንጋት አሸናፊ ተባለ። አዘጋጆቹ እንዳስታወቁት፥ ደራራ ከውድድሩ በፊት በቅጽ ላይ ያስመዘገበው የተፈቀደውን ሌላ ጫማ ነበር።

በዋጫ ይህ ነገር ሲነሣ ጠረጴዛው ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወገን አታለለ ይላል፤ ሁለተኛው ወገን በፈረንጅ ተበደለ ይላል። ሁለቱም ስተዋል ብዬ ለመናገር እደፍራለሁ። ያ ጫማ በኪስ አልተደበቀም፤ 42 ኪሎ ሜትር ሙሉ በጎዳና ላይ ለሁሉ ሲታይ የዋለ ነው። ከብርጭቆ ወረቀቱ ጋር አንድ ማድረግ ግፍ ይሆናል። ተበደለ የሚለውም ቢሆን ማስመሪያ ዘር እንደማይለይ የዘነጋ ነው። የጫማ ችሎት ማስመሪያ ነው፤ አምስት ሳንቲ ሜትር በደራራም እግር በላንጋትም እግር አምስት ነው። ይህ ችሎት ሕጉ ተጥሷል አልተጣሰም ብቻ ብሎ ይፈርዳል እንጂ ስለ ሰውየው ልብ አይጠይቅም። እኛ ግን ውሳኔውን ሰምተን ልቡን ለመፍረድ እንቸኩላለን።

ስለ ጫማ ሲወራ የአበበ ቢቂላ ስም ሳይነሣ አይቀርም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ማሸነፉን የማያውቅ የለም። እውነተኛ ሯጭ ማለት ያ ነው፥ ያሁኖቹ ግን በስፖንጅ ላይ የሚነጥሩ ናቸው የሚል ሰው በየቡና ቤቱ አለ። ይሁን እንጂ አበበ ከአራት ዓመት በኋላ በቶኪዮ ጫማ አድርጎ የሮጠ መሆኑን እኒህ ሰዎች አይናገሩም። በዚያም ላይ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ወደ አርባ ቀን ገደማ ሳለ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ በሆነ ጊዜ፥ ማለት ከሮማው በሦስት ደቂቃ አሻሽሎ አሸንፏል። አበበ ጫማን የተጣላበት ጊዜ የለም። በሮማ ባዶ እግሩን የሮጠው የሚመቸው ጫማ ስላጣና በባዶ እግር መሮጥን ስለ ለመደ ነበር።

የዛሬው ጫማ ከዚያ ዘመን ጫማ እጅግ የራቀ መሆኑ ግን የሚካድ አይደለም። በውስጡ የካርቦን ሠሌዳ አለበት፥ ሶሉም የተረገጠበትን ጉልበት መልሶ የሚሰጥ ቀላል ነገር ነው። ትዕግሥት አሰፋ መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. በበርሊን 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን ስትሰብር ያደረገችው ጫማ ክብደቱ 138 ግራም፥ ዋጋውም 500 የአሜሪካ ዶላር ነበር። በማስመሪያው ሲለካ ግን ከሕጉ አላለፈም፤ ስለዚህ ነገሩ ያለቀ ነው። ቀነኒሳ በቀለ በ1996 እና በ1997 ዓ.ም. በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ያስመዘገባቸውን ሰዓቶች ዑጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ ከ15 ዓመት በኋላ ሲሰብራቸው፥ በአዲሱ ዓይነት ጫማና በመሮጫው ጠርዝ ላይ ፍጥነት እያሳዩ በሚበሩ መብራቶች ተረድቶ ነበር። የቀነኒሳ ሩጫ ይበልጣል የሚል ሰው በቡና ቤት እስከ እኩለ ሌሊት ሊሟገት ይችላል፤ እኔም ከእርሱ ጋር ነኝ። ነገር ግን ይህ የጣዕም ጉዳይ ነውና ቼፕቴጌን አታላይ ለማለት አያበቃም።

እውነተኛው የብርጭቆ ወረቀት ያለው ከደም ውስጥ ነው። አበረታች ቅመም የሚባለው መድኃኒት ከጫማ የሚለይበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ጫማ ይታያል፥ ቅመም ይደበቃል። የሚያሳዝነው ደግሞ ፍርዱ እጅግ ዘግይቶ መምጣቱ ነው። በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሎምፒክ ጥሩነሽ ዲባባ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ስትወስድ፥ በሁለቱም ከኋላዋ ሁለተኛ የወጣችው ኤልቫን አቤይለገሴ ነበረች። ኤልቫን ኢትዮጵያ ተወልዳ ለቱርክ ትሮጥ የነበረች ናት። ከስምንት ዓመት በላይ ቆይቶ በመጋቢት 2009 ዓ.ም. በድሮ ናሙና ላይ የተከለከለ ቅመም ስለ ተገኘባት ሁለቱም ሜዳሊያዎች ተቀሙ። ያን ጊዜ በ5 ሺህ ሜትር ሦስተኛ የነበረችው መሠረት ደፋር ብሩ ተገባት። ነገር ግን ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል የሚቆምበት ያ ደቂቃ፥ የሕዝቡም ጭብጨባ ስምንት ዓመት አልፎባቸው ከወዴት ይመጣል?

አገራችንም በዚህ ነገር ንጹሕ ናት ብሎ መፎከር አይቻልም። በ2008 ዓ.ም. የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር በቅመም ቁጥጥር ደካማ ናቸው ካላቸው አምስት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ከዚያ በኋላ ቁጥጥሩ ጠብቆ ነገሩ የወንጀል ጉዳይ ሆነ፤ በ2010 ዓ.ም. አንድ ወጣት ሯጭ ቅመም በመውሰዱ በፍርድ ቤት የሦስት ዓመት እሥራት ተፈርዶበታል። ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ ከዚህ የባሰ አይታለች። የትዕግሥትን ክብረ ወሰን በ2017 ዓ.ም. በቺካጎ የሰበረችው ሩት ቼፕንጌቲች በጥቅምት 2018 ዓ.ም. በቅመም ምክንያት ለሦስት ዓመት ታግዳለች። የቺካጎው ሰዓት ግን ናሙናው ከተወሰደበት ቀን አስቀድሞ የተሮጠ ስለ ሆነ አልተሠረዘም። የዋጫ ወጣቶች በዚህ ይናደዳሉ፤ መናደዳቸውም የሚያስነቅፍ አይደለም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንሻገር። ነሐሴ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሎምፒክ የሴቶች ማራቶን መጨረሻ ላይ ሁለት ሴቶች ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው ወደ መድረሻው ሮጡ። ሁለቱም ኢትዮጵያ የተወለዱ ናቸው። ሲፋን ሐሰን በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ አንደኛ፥ ትዕግሥት አሰፋ በሦስት ሰከንድ ተቀድማ ሁለተኛ ሆነች። ወርቁ የሆላንድ፥ ብሩ የኢትዮጵያ ተባለ። ሲፋን በክርን ገፋች ተብሎ ከእኛ ወገን አቤቱታ ቢቀርብም ዳኞች አልተቀበሉትም።

በዚያን ሰሞን በየቡና ቤቱ የተባለውን ሁሉ ቢጽፉት ወረቀት አይበቃም። አንዱ ከዳተኛ ይላታል፤ ሌላው ወርቁም ብሩም የእኛ ነው እያለ ይደሰታል። እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ሲፋን አዳማ ተወለደች፤ በ15 ዓመቷ በስደት ሆላንድ ገባች፤ በዚያ የነርስነት ትምህርት እየተማረች ሳለች ሯጭነቷ ተገለጠ፤ በኅዳር 2006 ዓ.ም. የዚያን አገር ዜግነት አገኘች። ኢትዮጵያ አሠልጥና፥ አብልታና አልብሳ ያጣቻት ሯጭ አይደለችም። ከዳተኛ የሚለው ስም በምን መንገድ እንደሚገባት ለማየት ያስቸግራል።

የመርየም ዩሱፍ ጀማል ነገር ግን ከዚህ ይለያል። እርሷ በአርሲ ስትወለድ ስሟ ዘነበች ቶላ ነበር፤ ስምና ዜግነት ለውጣ ለባሕሬን በመሮጥ በ1999 ዓ.ም. በኦሳካ፥ በ2001 ዓ.ም. በበርሊን በ1500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። በነዳጅ የበለጸጉ አገሮች ሯጭ በገንዘብ ይገዛሉ የሚለው ወቀሳ በዚያን ዘመን የተሠራጨ ነበር። ሌላም ምክንያት አለ፤ በኦሎምፒክ አንድ አገር በአንድ ርቀት ከሦስት ሰው በላይ አያሰልፍም። ስለዚህ ከዓለም አምስተኛ የሆነ ሯጭ በኢትዮጵያ አራተኛ ከሆነ እቤቱ ይቀራል። ሌላ አገር ቢሆን ኖሮ የብሔራዊ ቡድኑ አለኝታ በሆነ ነበር። በመጨረሻ የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር በ2009 ዓ.ም. ዝውውሩን በሙሉ አግዶ፥ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. አዲስ ደንብ አወጣ፤ ይኸውም ሦስት ዓመት መቆየት፣ ዕድሜ ከ20 ዓመት አለማነስ፣ ከአንድ ጊዜ በላይም አለመለወጥ ነው።

የዜግነት ችሎት እንግዲህ ይህ ደንብ ነው። ደንቡ ማልያ ይሰጣል፤ ፍቅር ግን አይሰጥም፥ አይወስድምም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም የዛሬዋን ግብፅ፥ የዚያን ጊዜዋን የተባበረች ዓረብ ሪፑብሊክ 4 ለ2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ በያዝን ጊዜ፥ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ አባቱ ጣልያናዊ፥ እናቱ ኤርትራዊት ነበሩ። ወንድሙ ኢታሎም ከጎኑ ተሰልፎ ነበር። ያን ዋንጫ የኢትዮጵያ አይደለም የሚል ሰው በዋጫም በሌላም ስፍራ አልገጠመኝም። ታዲያ ሉቻኖን የእኛ ብሎ የተቀበለ አፍ ሲፋንን የሆላንድ ናት ለማለት ለምን ይቸገራል? ወርቁ በሕግ የሆላንድ ነው፤ የአዳማ ሰው ቢደሰትበት ደግሞ ማንም ሊከለክለው አይችልም።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ የሚያስቸግረው ነው፤ ምክንያቱም ማስመሪያም ደንብም የለውም። ቀነኒሳ በቀለ በ2016 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በለንደን ማራቶን በ41 ዓመቱ በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሁለተኛ ወጣ። በዚህም ለፓሪስ ኦሎምፒክ ተመረጠ። ሲሳይ ለማም በዚያው ዓመት በቫሌንሲያ 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ የሮጠ፥ ቦስተንንም ያሸነፈ ስለ ሆነ ተመረጠ። ሦስተኛው ደሬሳ ገለታ ነበር። ታምራት ቶላ የኒውዮርክን ማራቶን በቦታው ክብረ ወሰን ያሸነፈ ሰው ሆኖ ሳለ ተጠባባቂ ተደረገ።

ውድድሩ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ሲሳይ ታመመና ቦታውን ለታምራት ለቀቀ። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ታምራት ዳገት የበዛበትን የፓሪስን ጎዳና በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ጨርሶ በኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ወርቁን ወሰደ። ደሬሳ አምስተኛ ሆነ፤ ቀነኒሳ 39ኛ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነቢይ ሆነ። ታምራት በመጀመሪያው መሰለፍ ነበረበት፥ መራጮቹ ዕውሮች ናቸው የሚል ሰው በዋጫ እንደ ክረምት እንጉዳይ ፈላ። ነገር ግን መራጮቹ በእጃቸው የነበረው የወረቀት ሰዓት ብቻ ነበር፤ በዚያ ሰዓት ቢፈረድ ሲሳይን ማስቀረት ማን ይደፍር ነበር? የቀነኒሳም ለንደን ላይ የተሮጠ እንጂ በስም የተሰጠ አልነበረም። የብቃት ችሎት የውድድሩ ዕለት ብቻ ነው፤ መራጭ ግን ከዕለቱ በፊት መፍረድ ግድ ሆኖበታል። ስለዚህ መራጭን መጠየቅ የሚገባን ምርጫው ስለ ተሳካ ወይም ስላልተሳካ ሳይሆን፥ መለኪያውን አስቀድሞ ለሁሉ አስታውቆ እንደ ሆነና በዚያው ጸንቶ እንደ ሆነ ነው። በዚህ በኩል ፌዴሬሽናችን በየኦሎምፒኩ ዋዜማ ጭቅጭቅ የማያጣው ለምንድር ነው ብሎ መጠየቅ አግባብ ነው።

መለኪያው ሌላ ነገር ሲገባበት ምን እንደሚሆን ለማየት ወደ ክሪኬት አንድ ጊዜ ብቻ እንመለስ። ባዚል ዶሊቬራ በኬፕ ታውን የተወለደ ክልስ ነበር፤ በአገሩ የዘር አድልዎ ምክንያት ለብሔራዊ ቡድን መጫወት ስለማይፈቀድለት ወደ እንግሊዝ ሄዶ ለእንግሊዝ ተሰለፈ። በ1960 ዓ.ም. መጨረሻ በለንደን በአንድ ጨዋታ 158 ነጥብ አስቆጥሮ ሳለ ወደ ደቡብ አፍሪካ ከሚሄደው ቡድን ተተወ። እርሱም እንደ ታምራት አንድ ሌላ ተጫዋች ተጎድቶ በመቅረቱ ተተክቶ ተጠራ። የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ግን አልቀበለውም ስላለ ጉዞው ተሠረዘ። ያ ነገር ደቡብ አፍሪካ ከዓለም ክሪኬት ለብዙ ዘመን እንድትገለል ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ሆኗል።

ከሦስቱ ክርክሮች ውጭ፥ ማንም ሳይከራከርበት ሁሉንም የሚጥለው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም መዝገብ ነው። ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድን ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በአገሯ 2 ለ1 አሸነፈ። ሰኔ 9 ቀን ደግሞ በአዲስ አበባ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ1 ሲያሸንፍ አገር በዘፈን ተናወጠ። ደስታው ሳይበርድ፥ በቦትስዋናው ጨዋታ የተሰለፈው ምንያህል ተሾመ ቀደም ሲል ሁለት ቢጫ ካርድ ስላየ መሰለፍ እንዳልነበረበት ተሰማ። ሦስት ነጥብ ተቀነሰ፤ ጨዋታውም 3 ለ0 እንደ ተሸነፈ ተቆጠረ። ቡድኑ በመጨረሻው ጨዋታ መካከለኛው አፍሪካን አሸንፎ ምድቡን በአንደኝነት ቢጨርስም፥ ያን የሰኔ ወር ሐዘን ያየ ሰው አይረሳውም። በዚያ ጉዳይ ጫማም፣ ቅመምም፣ ፓስፖርትም የለበትም። አንድ ሰው ቢጫ ካርዶችን በአግባቡ ቆጥሮ ቢጽፍ ኖሮ ነገሩ አይፈጠርም ነበር።

የደራራ ጫማም የመዝገብ ጉዳይ እንደ ነበረ አንባቢ ያስታውሳል፤ በቅጹ ላይ የተጻፈው ሌላ፥ እግሩ ላይ የነበረው ሌላ ነው። ይህን ለዋጫ ወጣቶች መንገር ያስፈለገው፥ ከመካከላቸው ብዙዎቹ በወረዳና በዞን የተማሪዎች ውድድር ሲደረግ ስም መዝጋቢዎች ስለ ሆኑ ነው። በእንዲህ ያለው ውድድር ጫማ የሚለካ የለም፥ ብዙው ልጅ የሚሮጠውም ባገኘው ጫማ ነው። ጠቡ ሁሉ ያለው በዕድሜ ላይ ነው። ከ15 ዓመት በታች ተብሎ የተመዘገበው ልጅ ጢም አቀምቅሟል፤ የሌላ ወረዳ ልጅም በውሰት መጥቷል ይባላል። መዝጋቢው ለወረዳው ዋንጫ ጓጉቶ ዓመት ሲቀንስ የሚበደል ልጅ አለ፤ ይኸውም በእውነተኛ ዕድሜው ተመዝግቦ አራተኛ በመውጣቱ ወደ ቦንጋ ሳይሄድ የቀረው ነው። ስሙን የሚጠራለት ቡና ቤት የለም።

የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ከ17 ዓመት በታች ለሆኑ ተጫዋቾች የእጅ አንጓ አጥንት በማግኔት መሣሪያ ማስመርመር ከጀመረ ዘመን አልፎታል። ለዋጫ ይህ ሩቅ ነው፤ በቅርብ ያለው የልደት መዝገብ ነው። በአገራችን የልደት ምዝገባ በሕግ ሥራውን የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በዚያን ጊዜ ተወልደው በየቀበሌያቸው የተመዘገቡት ሕፃናት 15 ዓመት የሚሞላቸው በ2023 ዓ.ም. ይሆናል።